27 ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬ ከግንባሬ እየሸሸ ነው፤ ምን ባደርግ ይሻለኛል?

የካዛንቺስ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዕድሜዬ 27 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ሲፈርስ ቤተሰቦቼ ወደ ዳር ወጡ። ሥራዬ ግን አሁንም መሀል ከተማ፣ ስታዲየም አካባቢ ስለሆነ ፀጉሬን የምቆረጠው እዚያው የድሮው ቆራጬ ጋ ነው፤ እሱም ቤቱ ፈርሶበት ወደ ኡራኤል ወርዷል። ባለፈው ሳምንት እየቆረጠኝ ሳለ ቶንዶሱን አጠፋና ትንሿን መስታወት ከኋላዬ ይዞ አናቴን አሳየኝ። «ይሄን አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። አናቴ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ቦታ ሳስታ ቆዳው ይታያል። የግንባሬ ሁለቱ ጥግ ገባ ገባ ማለት ከጀመረ ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱን አውቀዋለሁ። ፎቶ ላይ ባየሁት ቁጥር ይከፋኛል።

አባቴ ራሰ በራ ነው። የእናቴ ወንድሞች ግን ስልሳን አልፈውም ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሰው ሁሉ «በእናት በኩል ነው የሚወረሰው» ስለሚል እኔ ተርፌያለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግራ ገባኝ።

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እናቴ ቅቤና አብሽ ቀባችኝ። ከዚያ በቴሌግራም የሚሸጥ «በ40 ቀን ፀጉር ይመልሳል» የተባለ ዘይት ገዝቼ አምስት ወር ሙሉ ተቀባሁ። የደመወዜን ሩብ ነው የከፈልኩበት። ለውጥ የለውም፣ እንዲያውም ጭንቅላቴን ያሳክከኝ ጀመር። ጓደኞቼ ደግሞ አንዱ ኮፍያው ነው ይለኛል፣ አንዱ ሙቅ ሻወሩ ነው፣ አንዱ ጭንቀት ነው።

ሠርጌ ጥር ላይ ነው። እጮኛዬ «ለእኔ ምንም ማለት አይደለም» ትለኛለች፣ አምናታለሁም። ግን ለራሴ ያሳስበኛል። ለፀጉር ስለሚዋጠው ኪኒን ሰምቻለሁ፣ «ወንድነት ይገድላል» ሲሉ ደግሞ ፈራሁ። በእውነት ምንድነው የሚያመጣው? የሚሠራ መድኃኒትስ አለ? ኪኒኑ ያሰጋል ወይ?


ፋርማሲስት ነኝ፣ ለገሃር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ያንን ዘይት ዛሬውኑ ተወው። ካሳከከህ ቆዳህ ተቆጥቷል ማለት ነው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ጠርሙስ ጭንቅላት ላይ አይደፋም።

አሁን ምክንያቱን ልንገርህ። እሱ ከገባህ ማን እየሸወደህ እንደሆነ ራስህ ትለያለህ።

ወንድ ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚባል ሆርሞን አለ። ፋይቭ አልፋ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ ከእሱ ላይ ዲኤችቲ የሚባል ጠንከር ያለ ሆርሞን ይሠራል። ዲኤችቲ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ወንድ ልጅ እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ ብልቱ በትክክል እንዲፈጠር የሚያደርገው እሱ ነው፣ ጢም የሚያበቅለውም እሱ ነው። የሚገርመው ጢም የሚያበቅለው ያው ሆርሞን ግንባርና አናት ላይ ያለውን፣ በዘር ስሱ የሆነውን የፀጉር ሥር በየዙሩ ያሳንሰዋል።

ዙር ያልኩት ይሄ ነው። የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት በሽግግር ይቆያል፣ ከዚያ ሦስት ወር ያህል አርፎ ይረግፋል፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ራሰ በራነት ሲጀምር የማደጊያው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል፣ የሚተካውም ፀጉር ከበፊቱ የቀጠነ ይሆናል። ወፍራሙ ይቀጥናል፣ ቀጭኑ እንደ ሕፃን ፀጉር ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ዓይን አያየውም። ፀጉርህ የጠፋው ተነቅሎ ሳይሆን ቀጥኖ ነው። ትራስህ ላይ ክምር ፀጉር ሳታይ አናትህ የሳሳው ለዚህ ነው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፍማ ማንም ጤነኛ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው።

የኋላና የጎን ፀጉር ዲኤችቲ ብዙም አያስቸግረውም። የአባትህን ራስ እየው፣ ከጆሮው በላይ ዙሪያውን ፀጉሩ አለ አይደል?

ኮፍያ አያመጣውም። ሙቅ ውሀም አያመጣውም። ሥሩ ያለው ቆዳው ውስጥ ነው፣ ሆርሞኑም የሚደርሰው በደም ነው።

«በእናት በኩል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የወንድ ሆርሞን ተቀባዩ ጂን ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ያ ጂን ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሌሎች ብዙ ጂኖች ግን ከሁለቱም ወላጅ ይመጣሉ። አባትህን ብትመስል የሚደንቅ አይደለም።

ይሄ ሁሉ እንዴት ታወቀ ካልክ፣ ጃንደረቦች ራሰ በራ እንደማይሆኑ ከጥንት ጀምሮ ሰው ያስተውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ሀሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነገሩን በደንብ አጥንቶ ጻፈው፤ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች አይመለጡም፣ ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ያለባቸው መመለጥ ይጀምራሉ። በ1974 ደግሞ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ሳሊናስ በሚባል መንደር ያን ኢንዛይም በዘር ያጡ ወንዶች ላይ ጥናት ወጣ። ቴስቶስትሮናቸው ደህና ነው፣ ዲኤችቲያቸው ግን በጣም ትንሽ ነው። ፕሮስቴታቸው (ከፊኛ በታች ያለው የወንድ ዕጢ) ትንሽ ነው፣ ግንባራቸውም አይሸሽም። ፊናስተራይድ የሚባለው ኪኒን ከዚያ ሐሳብ የተወለደ ነው። በ1992 አሜሪካ ውስጥ በ5 ሚሊ ግራም ለፕሮስቴት ተፈቀደ፣ በ1997 ደግሞ በ1 ሚሊ ግራም ለወንዶች ፀጉር።

የሚሠራው ኢንዛይሙን በመያዝ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ዲኤችቲ ወደ 70 በመቶ ይቀንሳል። ቴስቶስትሮንን አይቀንስም፣ ስለዚህ «ወንድነት ይገድላል» የሚለው እንደሚወራው አይደለም። ግን ምንም የለውም ብዬም አልዋሽህም። በመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሙከራዎች መድኃኒቱን ከወሰዱት 3.8 በመቶ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ 2.1 በመቶው ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ወይም የመቆም ችግር ወይም የዘር ፈሳሽ ማነስ ታይቷል። አብዛኛው ሰው ሲያቆም ይተወዋል። ካቆሙም በኋላ እንደቀጠለባቸው የሚናገሩ ሰዎች ስላሉ የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ድባቴና ራስን የመጉዳት ሐሳብም ተጽፏል። ከዚህ በፊት ድባቴ ይዞህ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪምህ ሳትነግር እንዳትጀምር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከማንም አትግዛ፣ እኔም ብትመጣ ማዘዣ እጠይቅሃለሁ።


የካዛንቺስ ልጅ

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። የሚቀባውስ? ሚኖክሲዲል የሚሉት?


ቸርችል ጎዳና

እሱን እኔ ልመልስልህ፣ ሰባት ዓመት ተቀብቼዋለሁ። አሁን 41 ዓመቴ ነው።

ሚኖክሲዲል ሲጀመር የደም ግፊት ኪኒን ነበር። የሚውጡት ሰዎች ፀጉር አበዛባቸው፣ ግንባር ጉንጭ ሳይል። ከዚያ ነው ወደሚቀባ የቀየሩት፤ 2 በመቶው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ለፀጉር ተፈቀደ፣ 5 በመቶው በኋላ መጣ። ለወንድ የሚመከረው 5 በመቶው ነው። ዲኤችቲን አይነካም። ሥሩ ማደጊያው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ያደርጋል፣ ፀጉሩም ወፈር ይላል። ስለዚህ የሞተ ቦታ ላይ ተአምር አይሠራም። እንዳንተ የሳሳ አናት ላይ ነው ጥሩ የሚሠራው። ግንባር ላይ ደከም ይላል፣ እኔም ጥጎቹ ላይ ይሄ ነው የምለው ነገር አላገኘሁም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፣ ለእኔ ማንም አልነገረኝም። በጀመርኩ በአምስተኛው ሳምንት ፀጉሬ በእፍኝ መርገፍ ጀመረ። ማታ ታጥቤ ሳፋው ላይ ሳየው ደንግጬ ጠርሙሱን ጣልኩት። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሐኪም ነው ያስረዳኝ። ያረፈው አሮጌ ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነው እንጂ መድኃኒቱ እየጎዳ አይደለም፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይቆማል። ያን ስድስት ወር በከንቱ አባከንኩት። አንተ ሲረግፍብህ አትደንግጥ።

ውጤት ለማየት ቢያንስ አራት ወር ጠብቅ፣ ስድስት ቢሆን ይሻላል። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ደረቅ ቆዳ ላይ። ፀጉሩን አይደለም የምትቀባው፣ ከፈል አድርገህ ቆዳውን ነው። እጅህን ታጠብ። ማታ ከመተኛትህ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለህ ቀባው፣ አለዚያ ትራስ ላይ ይቀርና ፊትህ ላይ ፀጉር ያበቅላል። ፈሳሹ ካሳከከህ ብዙ ጊዜ የሚያሳክከው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለው ማሟሚያ ነው፣ አረፋ ሆኖ የሚሸጠው እሱ የለበትም። ልብህ ቶሎ ቶሎ ከመታ ወይም እግርህ ካበጠ አቁምና ሐኪም ጋ ሂድ። ቤት ድመት ካለህ ደግሞ አደራ፣ ድመት ከላሰችው ይገድላታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ይሄን ያዝ። ስታቆም ያገኘኸውን ይወስደዋል። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ አራት ወር ተቋረጠብኝ። ያቆየሁት ፀጉር ሁሉ ሄደ። ከሱቅ ሱቅ ስዞር ከዱባይ በሻንጣ የገባ አገኘሁና ገዛሁ፤ ጠርሙሱ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው፣ ቀለሙ ተቀይሯል። ስለዚህ መድኃኒት ቤት ግዛ፣ ከነማም ይሁን የግል። ጊዜው ማለፍ አለማለፉን እይ፣ ሁልጊዜ የሁለት ወር አስቀድመህ ያዝ።


ፒያሳ ፀጉር ቤት

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፀጉር ስቆርጥ ግን 22 ዓመቴ ነው። ሱቄ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፣ ከፒያሳ ስንነሳ ወደ አራት ኪሎ መጣሁ። ያ ቆራጭህ መስታወት ይዞ ስላሳየህ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችን ደንበኛ ይከፋዋል ብለን ዝም እንላለን፣ ልክ አይደለም።

ያየሁትን ልናገር። ወንድ ሁሉ «መላጣ ሆንኩ» ብሎ ይመጣል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ክብ ሆኖ፣ ሙልጭ ብሎ፣ እንደ ብርጭቆ ለስልሶ በድንገት አንድ ቦታ የሚጠፋ ፀጉር አለ። እሱ ላሽ ነው፣ የዚህ ዓይነቱ አይደለም። ልጆች ላይ የሚብሰው፣ የሚያሳክክና የሚቀረፍ ፀጉሩም የሚሰባበርበት ደግሞ ቆረቆር ነው፣ ያ ይጋባል። ያን ያየሁበትን ሰው አልቆርጥም፣ ሐኪም ጋ እልከዋለሁ፣ ቶንዶሱንም በአልኮል አጸዳለሁ። ማጅራት ላይ እንደ ብጉር ወጥቶ እያበጠ የሚደድረውም አለ። እሱ በጣም ቆዳ ጋ አስጠግቶ መላጨት ያባብሰዋል። እንዲህ ያለ ደንበኛ ዜሮ ግባልኝ ሲለኝ ይቅርብህ እለዋለሁ።

ያንተ በሁለት ጥግና በአናት ከሆነ፣ አባትህም ካለበት፣ ያው የዘር ነው።

ቶሎ ቶሎ መላጨት ያበዛዋል የሚለውን እርሳው። የተቆረጠ ፀጉር ጫፉ ድፍን ስለሆነ ወፍራም ይመስላል እንጂ ሥሩ አያውቀውም። ድሬድ የሚያደርጉ ልጆችም ይጠንቀቁ። ግንባር ላይ አጥብቆ መጎተት ራሱን የቻለ መመለጥ ያመጣል። እሱ በጊዜ ከተለቀቀ ይመለሳል፣ ከዘገየ አይመለስም።

አቆራረጡን በተመለከተ ደግሞ ጎኑን አሳጥረው። የጎኑ ከበዛ የላዩ የባሰ የሳሳ ይመስላል። ላዩንም ረጅም አታድርገው፣ ያጋልጠዋል። ረጅም ፀጉር አበጥረው ወደ ፊት ሲያመጡት ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ነፋስ አለ።


የሁለት ልጆች እናት

ወንዶች ብቻችሁን እንዳትጨርሱት። ስለ ኪኒኑ ከእኛ ቤት የሆነውን ልንገርህ፣ በተለይ ልታገባ ስለሆነ።

ባለቤቴ ፊናስተራይድ ጀመረ። 1 ሚሊ ግራሙን ሲያጣ 5 ሚሊ ግራሙን ገዝቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በቢላ ይከፋፍለው ነበር። እኔ የሁለተኛዋ ልጃችን እርጉዝ ነኝ፣ ዱቄቱን በጨርቅ የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የመድኃኒቱን ወረቀት አንስቼ ሳነበው እርጉዝ ሴት የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን መንካት እንደሌለባት ተጽፏል፤ በቆዳ ገብቶ የወንድ ፅንስን ብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። ያልተሰበረው ሽፋን ስላለው ችግር የለውም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሴት ልጅ ተወለደች፣ ደህናም ነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ማንም ሲሸጥለት አልነገረውም።

ሁለተኛው፣ ፍላጎቱ ቀነሰ። ወራት ደበቀኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ፣ ስንት ሌሊት አለቀስኩ። በኋላ ሲነግረኝ አብረን ሐኪም ጋ ሄድን፣ አቆመ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ነበረበት ተመለሰ። አሁን የሚቀባውን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ወንድሜ ደግሞ ያንኑ ኪኒን አራት ዓመት ውጦ ምንም አልሆነም፣ ፀጉሩም አለ። ሰው እንደ ሰውነቱ ነው። አንተ ግን ከጀመርክ ለእጮኛህ ንገራት፣ ከመጀመሪያው ቀን።


ፋርማሲስት ነኝ፣ ለገሃር

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ሁሉም ያንብበው። እኔም ልጨምር። ፊናስተራይድ የሚወስድ ሰው ካቆመ አንድ ወር ሳይሞላው ደም አይለግስ፣ ደሙ ለእርጉዝ ሴት ሊሰጥ ይችላልና። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ደግሞ የፕሮስቴት ምርመራ ሲያደርጉ መድኃኒቱን እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ፒኤስኤ የሚባለውን ውጤት በግማሽ ያህል ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ችግር ቢኖር ሊደበቅ ይችላል።


ኢስታንቡል ደርሼ የመጣሁ

ንቅለ ተከላ እያሰብክ ከሆነ የእኔን ስማ።

25 ዓመቴ ላይ ነው የሄድኩት። ገንዘቡን ሦስት ዓመት ቆጥቤ፣ ከአክስቴም ተበድሬ። የሚሠራው እውነት ነው፣ ማጭበርበር አይደለም። ከማጅራት አንድ አንድ ሥር ያወጡና ግንባር ላይ ይተክላሉ፣ የማጅራቱ ሥር ቦታ ቢቀይርም ጠባዩን አይቀይርም፣ ዲኤችቲን እንደቻለ ይኖራል። ይሄን ኖርማን ኦሬንትራይክ የሚባል የኒውዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው ያሳየው።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ግንባሬን እንደ 16 ዓመት ልጅ ዝቅ አድርገው ተከሉልኝ፣ እኔም ያኔ ደስ አለኝ። ከኋላው ያለው የራሴ ፀጉር ግን መሸሹን አላቆመም። መድኃኒት ውሰድ ያለኝ የለም። አሁን 33 ዓመቴ ነው። ከፊት አንድ መስመር ፀጉር አለ፣ ከኋላው ባዶ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ እንዳልተከል ማጅራቴ ላይ የቀረው ጥቂት ነው። የማጅራት ፀጉር አያልቅም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ያልቃል፣ አንዴ የወጣ ሥር እዚያው አይመለስም።

የእኛ ፀጉር ደግሞ ጥምዝ ነው፣ ከቆዳ በታችም ሥሩ ይጠማዘዛል። ያን ያልለመደ ባለሙያ ሲያወጣው ይቆርጠዋል። ከእኔ ብዙ ሥር እንደባከነ በኋላ ነው ያወቅኩት። ቁስልህ ሲድን የሚያብጥ ከሆነ፣ ኬሎይድ የሚወጣብህ ከሆነ፣ ጭራሽ አትሞክረው። በዚያ ላይ ለጥር አይደርስልህም። የተተከለው በመጀመሪያው ወር አካባቢ ይረግፋል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ መብቀል ይጀምራል፣ ሙሉው የሚታየው ዓመት አካባቢ ነው። በዚህ ዕድሜህ መሸሹን አስቁም፣ መትከሉን በኋላ ታስበዋለህ።


የቆዳ ሐኪም (ሬዚደንት)

ጥሩ ጥሩ ነገር ተብሏል። የጎደለውን ብቻ ልጨምር።

መጀመሪያ ምርመራው። «የዘር ነው» ብሎ ከመወሰን በፊት አንድ ጊዜ የቆዳ ሐኪም ይየው። ማሳከክ አለኝ ብለሃል፣ ዘይቱ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። እኛ በማጉያ ስናየው ወፍራምና ቀጭን ፀጉር ተደባልቆ ካገኘን የዘር ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው። ሥሩ ያለበት ቀዳዳ ራሱ ጠፍቶ ቆዳው ጠባሳ ከሆነ ግን ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው፣ ያ ጊዜ አይሰጥም፣ በቶሎ መታከም አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ለቆዳ በሽታ ብዙ ሰው የሚሄደው አለርት ሆስፒታል ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ በጠዋት ሂድ።

በድንገት፣ ከመላው ራስ፣ በብዛት የሚረግፍ ከሆነ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ወር ቁጠር። ታይፎይድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ቀዶ ጥገና፣ በአንዴ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ ትልቅ ሐዘን። ፀጉር የሚረግፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሰው አያገናኘውም። ያ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ጓደኛህ «ጭንቀት ነው» ያለው ለዚህኛው ዓይነት ቢሆን እውነት ነበር። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ያሳሳል። ጾም ግን ግንባርን አያሸሽም፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው።

ቅቤን በተመለከተ እናትህን አታስቀይማት፣ ፀጉሩን ያለሰልሳል፣ እንዳይሰባበር ይረዳል። የቀጠነውን ሥር ግን አይመልስም። ከቤት ውስጥ ነገር ትንሽም ቢሆን ጥናት ያለው የጥብስ ቅጠል ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢራን ውስጥ 100 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በእሱ፣ ግማሹን በ2 በመቶ ሚኖክሲዲል ስድስት ወር አዩአቸው፤ ሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ጨመሩ። አንድ ትንሽ ጥናት ነው፣ የተወዳደረውም ከደካማው ሚኖክሲዲል ጋር ነው፣ ምንም ከማይቀባ ሰው ጋርም አልተወዳደረም። ስለዚህ በእሱ ተማምነህ ጊዜህን አታሳልፍ። ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ደግሞ ሁሉም ይገዛዋል። እጥረቱ የሌለበት ሰው ላይ ፀጉር እንደሚያበቅል ማስረጃ የለውም፣ በዚያ ላይ የታይሮይድ የደም ምርመራን ያዛባል። የምትወስድ ከሆነ ላቦራቶሪ ስትሄድ ተናገር።

ደምህን ቀድተው፣ አጣርተው መልሰው ራስህ ላይ የሚወጉት ፒአርፒ የሚባለውም አለ። አንዳንዱን ሰው ይጠቅማል፣ አንዳንዱን አይጠቅምም፣ ዋጋው ግን ለሁሉም ውድ ነው። ገንዘብህ ውሱን ከሆነ መጀመሪያ የሚቀባው፣ ከዚያ አስበህበት ኪኒኑ። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ከአንዱ ብቻ ይሻላሉ።

ይሄ ነገር በራሱ ሕመም አይደለም፣ ማንንም አይገድልም። መታከም የማይፈልግ ሰው ባይታከም ምንም አይሆንም። መታከም የሚፈልግ ግን ቀጭኑ ፀጉር ሳይጠፋ ይምጣ። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ከዘይቱም፣ ከቅባቱም፣ ከሁሉም በኋላ ነው። ያኔ የምናቆየው ነገር ትንሽ ይሆናል፣ ለእኛም ያሳዝነናል።


የካዛንቺስ ልጅ

ታኅሣሥ ገብቷል፣ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

አለርት ሄድኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰልፌ ከሰዓት በኋላ ታየሁ። ሐኪሟ በማጉያው አይታ የዘር ነው አለችኝ፣ ማሳከኩ የዘይቱ ነበር፣ በሚቀባ ነገር በሁለት ሳምንት ለቀቀኝ። ሚኖክሲዲሉን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጀመርኩ። ጳጉሜ ላይ ረገፈ፣ ልክ እንደተባለው። ቸርችል ወንድሜ፣ ያን ባትነግረኝ ኖሮ እጥለው ነበር።

በየወሩ መጀመሪያ ያው መታጠቢያ ቤት፣ ያው አምፖል ሥር ፎቶ አነሳለሁ። ጥጎቹ ያው ናቸው፤ አልተመለሱም፣ ግን አልባሰባቸውም። አናቴ ላይ ያለው ቦታ ጠቁሯል። ቆራጬ ራሱ መስታወቱን አምጥቶ አሳየኝ። ኪኒኑን አልጀመርኩም። ከእጮኛዬ ጋር ተነጋገርንበት፣ ከሠርጉ በኋላ አብረን ሐኪም ጋ ሄደን እንወስናለን።

አንድ ሌላ ነገር። አባቴን በስንት ዓመቱ እንደጀመረው ጠየቅኩት። ከዚህ በፊት ጠይቄው አላውቅም። «በ24» አለኝ። ለማንም ሳይናገር አራት ዓመት ኮፍያ አድርጎ ኖሯል፣ እናቴን ሲያገኛትም ኮፍያ አድርጎ ነበር። አሁን ማታ ማታ ስቀባ አጠገቤ ይቀመጥና «ቆዳውን ነው ያሉህ አይደል፣ ፀጉሩን አይደለም» እያለ ያሳየኛል።


ፒያሳ ፀጉር ቤት

እንኳን ደስ አለህ። ለሠርጉ በዋዜማው እንዳትቆረጥ። ከሦስት ቀን በፊት ተቆረጥ፣ መስመሩ ይለሰልሳል፣ በፎቶም ቆዳው አያበራም። በዋዜማው ጢምህንና ማጅራትህን ብቻ ያስተካክልልህ። ለቆራጭህም ላዩን በመቀስ እንዲሠራው ንገረው፣ ቶንዶስ አያስገባበት።